ዝናብ ሲመጣ የሚነቃ ሰውነት

(ምስል፦ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ ከበስተኋላው የደንገጎ ተራራ)

የድሬዳዋ ሰው ክረምት ሲገባ ዓይኑን ወደ ደንገጎ ይጥላል፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል እንኳ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ደረቁን ደቻቱን ሊሞላው እንደሚችል ያውቃልና። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ደራሽ ውኃው የመጣው በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነበር፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ደግሞ ቤት አልባ ሆኑ።

ያን ሌሊት በልጅነቷ ያሳለፈች አንዲት ሴት ዛሬ ሥራ መቀየር ፈልጋ ከላይፍ ኮች (ሰው የሕይወትና የሥራ ግቡን እንዲያሳካ ከሚያግዝ አማካሪ) ዘንድ ሄደች እንበል። ከዚራ ሰፈር በምትገኝ ጠባብ ቢሮ ስለ ዕቅዷ እያወሩ ሳለ ዝናቡ የጣራውን ቆርቆሮ መደብደብ ጀመረ። ንግግሯን አላቋረጠችም፤ ነገር ግን ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰበሰበ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ ዓይኗ በሩ ላይ ተተከለ፣ ሻይዋም ሳትነካው ቀዘቀዘ።

አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል የቀድሞውን አደጋ የሚመስል ድምፅ ሲያገኝ፣ አመዛዛኙ ክፍል «ዝናብ እኮ ነው» ብሎ እስኪያረጋጋው ሳይጠብቅ አድሬናሊን የተባለው አነቃቂ ሆርሞን እንዲረጭ፣ ልብ እንዲፈጥንና ጡንቻ እንዲወጠር ያደርጋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኸው ነው።

የሥነ ልቦና ጉዳትን የሚያውቅ ኮች በዚህ ጊዜ «ያን ሌሊት ምን ሆነሽ ነበር?» ብሎ ቁስሉን አይነካካም። ዕቅዱን ለጊዜው ያቆየዋል፣ ወንበሯን ወደ በሩ ማስጠጋት ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቃታል፣ እግሯ ወለሉን ሲነካ የሚሰማትን እንድታስተውል ይጋብዛታል፤ ትንፋሿን ካስገባችው በላይ ረዘም አድርጋ እንድታስወጣ የሚነግራትም ትንፋሽ በቀስታ ሲወጣ ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ስለሚያዘገይ ነው። በየሥልጠናው የተለመደው «ዓይናችሁን ጨፍኑ» የሚለው ትእዛዝ፣ በሩን ለሚጠብቅ ሰው ማስፈራሪያ ስለሚሆን፣ እኔ በበኩሌ ባይኖር እመርጣለሁ።

በድሬ ሌላም መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ከምሳ በኋላ ጫት ቅሞ የመጣ ሰው ልቡ የሚፈጥነው በቅጠሉ አነቃቂነት ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ሳያጣራ «ሰውነትህ የድሮ ፍርሃት ይዟል» የሚል ኮች ሰውየውን ያሳስታል፤ ቀጠሮውን ወደ ጠዋት ማዛወር ይሻላል።

ላይፍ ኮች ሐኪም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአደጋ በኋላ ለሚከሰት የአእምሮ ጭንቀት ሕመም ከመከራቸው መካከል፣ በሠለጠኑ ባለሙያዎች የሚሰጡ በጉዳቱ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናና በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዝ ሕክምና ይገኙበታል፤ በሰውነት ላይ ብቻ የተመሠረቱት ዘዴዎች ብዙ ሰው ቢያመሰግናቸውም ማስረጃቸው ገና ስስ ነው። ስለዚህ ቅዠቱ ሌሊት በሌሊት የሚመላለስበት፣ ከቤት መውጣት ያቃተው ወይም መሞትን የሚያስብ ሰው ሲመጣ፣ ኮቹ የሚልክበትን የአእምሮ ሕክምና ክፍል አስቀድሞ ሊያውቅ፣ ስልኩንም የመጀመሪያውን ደንበኛ ከመቀበሉ በፊት ጽፎ ሊያስቀምጥ ይገባል።