ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር፦ የደሴና የኮምቦልቻ ቧንቧ ውሃ

[ምስል፦ የማንቆርቆሪያ ውስጥ፣ በስልክ ባትሪ]

ሰላም ነው? እስቲ ሻይ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ከፍታችሁ በባትሪ እዩት። ታቹ ላይ ነጭ፣ ሻካራ፣ በጥፍር ሲፍቁት የሚፈረፈር ነገር ካለ የዛሬው ቪዲዮ ለእናንተ ነው። ሰው ይህን ሲያይ ሁለት ነገር ይላል። አንዱ «ውሃው ጨው አለው» ይላል። ሌላው «ኩላሊታችን ውስጥም እንዲህ ነው የሚጋገረው» ብሎ ሻዩን ያስጠላችኋል። ኩላሊቱ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው?

በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዝናብ ሲወርድ ካልሲየም የለበትም ማለት ይቻላል። አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ትንሽ አሲድነት ያገኛል። ከዚያ በኋላ በዚያ በምናውቀው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የጦሳም የሐረጎም ተራራ የቆሙበት ማለት ነው፣ ስንጥቅ ለስንጥቅ እያለፈ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይወርዳል። ደሴም ኮምቦልቻም በብዛት የሚጠጡት ከጉድጓድና ከምንጭ ነው። ድንጋይ ውስጥ ብዙ የቆየ ውሃ ብዙ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ከጉድጓድ ይለያያል፣ ሆጤና ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያሉ ሰዎች አንድ ዓይነት ውሃ ላይደርሳቸው ይችላል።

ይህ በውሃው ውስጥ የተሟሟው የካልሲየምና የማግኒዥየም መጠን የውሃ ጥንካሬ ይባላል። የሚለካው እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ተቆጥሮ በሊትር ስንት ሚሊግራም ተብሎ ነው። እስከ 60 ለስላሳ ነው። ከ120 ካለፈ ጠንካራ፣ ከ180 ካለፈ ደግሞ በጣም ጠንካራ ይባላል።

አሁን ኪሳችሁን ወደሚነካው እንሂድ። ውሃው 200 ሚሊግራም ነው እንበል። በአንድ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ 4 ግራም አለ ማለት ነው። ምንም አይመስልም አይደል? ግን ደረቅ ሳሙና ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚገናኘው ከልብሱ እድፍ ጋር ሳይሆን ከካልሲየሙ ጋር ነው። ተያይዘው ያ ሳፋው ጠርዝ ላይ የሚቀረው ግራጫ ዝልግልግ ነገር ይሆናሉ። ሂሳቡን በኬሚስትሪው ብትሠሩት ያ 4 ግራም ወደ 24 ግራም ንጹህ ሳሙና ይበላል፣ ያውም ገና አንድ አረፋ ሳይወጣ። ከ200 ግራም ሳሙና ላይ ከአሥር እጅ አንዱ በላይ በየጀሪካኑ ሄደ። ያ ግራጫ ነገር ነጠላ ላይ ሲቀር ነው ነጩ እየዳመነ የሚሄደው፤ አጣቢዋ ምንም አላጠፋችም። የዱቄት ሳሙና በዚህ በኩል ይሻላል፣ እንደ ደረቁ ቶሎ አይሸነፍም።

[ምስል፦ ሁለት ሃይላንድ ጎን ለጎን]

ቤታችሁ ሞክሩት። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ። በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሌላው በክረምት ከቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ እስከ ሲሶው ሙሉ። ከደረቅ ሳሙና በቢላ የተላገ እኩል እኩል ጨምሩና በደንብ ናጡት። የዝናቡ እስከ አንገቱ አረፋ ይሆናል። የቧንቧው አረፋ ቶሎ ከሞተና ታቹ ወተት ከመሰለ መልሱን አገኛችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ግን እንዳትጠቀሙ፣ እሱ ጠንካራ ውሃ ላይም ያረፋል፣ ይሸውዳችኋል።

ቦይለር ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ውሃ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያመልጣል፣ ካልሲየሙ መሟሟት ያቅተውና የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ላይ ይለጠፋል። ሙቀቱ በዚያ ቅርፊት አልፎ ነው ውሃው ጋ የሚደርሰው። መብራት ትከፍላላችሁ፣ ሬዚስታንሱ ከልክ በላይ ይግላል፣ አንድ ቀን ቱግ ብሎ ይቃጠላል። ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሆን መጋገሩ ይፈጥናል፤ ስለዚህ መቆጣጠሪያውን መጨረሻ ላይ አታድርጉት።

ንፍሮም አለ። ባቄላና ሽምብራ በጠንካራ ውሃ ሲቀቀል ካልሲየሙ ቆዳውንና ውስጡን አጥብቆ ይይዛል፣ መብሰሉ ይዘገያል። ደሴ ላይ ሌላም ምክንያት አለ፦ ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ ከሰሉን ሁለቱ ተባብረው ነው የሚጨርሱባችሁ። ከማታ ጀምሮ በዝናብ ውሃ መዘፍዘፍ ልዩነት አለው።

ኩላሊት። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ነገሮች ናቸው። ጠጠር የሚያመጣው አንዱ ትልቅ ምክንያት እንዲያውም ውሃ ማነስ ነው፤ ማንቆርቆሪያውን አይቶ ውሃ መጠጣት የቀነሰ ሰው ሥራውን ገልብጦ ነው የሠራው። ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ያ ሌላ ነው።

እንዲያውም የሚያስፈራው ውሃ ነጭ ላይተው ይችላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ ትንሽ ነው፣ ሳሙና ላይ ጥሩ ያረፋል። ጀርምም አይታይም። ስለዚህ ነጩን ሸሽታችሁ ውሃ ማፍላት እንዳታቆሙ። በክረምት የሚደፈርሰው ደለል ነው፣ ከጥንካሬ ጋር አይገናኝም። ከቧንቧ ሲወርድ ነጥቶ ብርጭቆ ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚጠራውም አየር ብቻ ነው።

[ምስል፦ በፌስታል የታሰረ ሻወር]

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ አቼቶና ውሃ እኩል አድርጋችሁ አሙቁና አንድ ሰዓት ተዉት፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያሰማል፣ ይለቃል። ሎሚም ይሠራል። ለሻወሩ አቼቶ በፌስታል ጨምራችሁ በላስቲክ አስሩበት፣ እስኪነጋ ይቆይ። ጀበና ላይ ግን አታድርጉት፣ ሸክላው አቼቶውን ይመጠውና ቡናው ይበላሻል። ደግሞ በረኪና! በረኪና ይህን ቅርፊት አይነካውም፣ ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ተዘግቶ በሚታጠብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀልድ አይደለም።

«ማጣሪያ ልግዛ ወይ?» ለምትሉኝ፦ የሸክላ ማጣሪያ ደለልና ጀርም ነው የሚይዘው፣ የተሟሟ ካልሲየም ያልፈዋል። ውሃ አጋርም ጀርም ነው የሚገድለው። ካልሲየሙን በእርግጥ የሚያወጣው በሶዲየም የሚቀይረው መሣሪያ ነው፣ እሱ ደግሞ ጨው እየተጨመረለት ይኖራል፣ ለአንድ ቤት ውድ ነው። ለሆቴል ወይም ለልብስ ማጠቢያ ቤት ሊያዋጣ ይችላል። ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ይዞ የመጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሃይላንዱን ናጡለትና ማግኔቱ በፊትና በኋላ ያለውን አረፋ ያሳያችሁ።