የውሮ ሳጥን አየር ያስፈልገዋል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ድመቴ ሳጥን ነው የማወራችሁ። አዎ፣ ስለምትጸዳዳበት ሳጥን።

አገር ቤት ድመት ደጅ ትወጣለች፣ አፈር ትጭራለች፣ ሸፍናው ትመለሳለች። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በአንድ ክፍል አፓርታማ ውስጥ ግን ለውሮ ደጇም ጓሮዋም ያ የአሸዋ ሳጥን ነው።

ሽታው የሚመጣው ከሽንቷ ነው። ሽንት ውስጥ ዩሪያ አለ፤ ገበሬው ለማዳበሪያ የሚጠቀምበት ያው ዩሪያ። ባክቴሪያ ሲያፈርሰው አሞኒያ ይወጣል። እኛ ቆመን ነው የምናልፈው። እሷ ግን አፍንጫዋን አሸዋው ላይ ደፍታ ትቆፍራለች። ክዳን ያለው ሳጥን ደግሞ ለእኛ ሽታውን ይቀንስልናል፣ ለእሷ ግን አፍኖ ያቆይባታል። ይሄ ነው አንጀቴን የበላው። ሽቶ ብንረጭ፣ ዕጣን ብናጨስ መሸፈን ብቻ ነው። አየሩ መውጣት አለበት።

ስለዚህ ክዳኑን ከኋላ፣ ከፍ ካለው ቦታ በስቼ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ቱቦ ገጠምኩበት። ያ ብርማ፣ የሚተጣጠፈው፣ ባለ 4 ኢንቹ። ቱቦው መስኮት ድረስ ይሄዳል። መስኮቱን ትንሽ ከፍቼ ክፍተቱን በቁራጭ ጣውላ ደፈንኩት፤ ቱቦውን በጣውላው ቀዳዳ አሳለፍኩት። አየሩን ስቦ የሚያወጣው ፋን የኮምፒውተር ነው፤ 120 ሚሊ ሜትር፣ 12 ቮልት።

ፋኑን የት እናድርገው? እዚህ ላይ አደራ እላችኋለሁ፤ መስኮቱ ጋ እንጂ ሳጥኑ ጋ አታድርጉት። መስኮቱ ጋ ሆኖ ሲስብ፣ የቱቦው መገጣጠሚያ ክፍተት ቢኖረው እንኳ የቤቱ አየር ወደ ቱቦው ይገባል እንጂ ሽታው ወደ ቤት አይወጣም። ሳጥኑ ጋ ከሆነ ግን አየሩን ስለሚገፋ በየክፍተቱ ሽታው ያመልጣል። መስኮቱ ጋ ሲሆን ድምፁም ከውሮ ጆሮ ይርቃል። ድመት ሳጥኗን አንዴ ከፈራች ምንጣፍ ላይ ነው የምትጸዳዳው፤ ትልቅ ፋን ቀስ ብሎ ቢዞር ይሻላል።

መሥራቱን ያየሁት በዕጣን ነው። ውሮ ሌላ ጥግ ተኝታ ሳለ ማጨሻውን ሳጥኑ መግቢያ አጠገብ አስጠጋሁት። ጭሱ ትንሽ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ከዚያ ጎንበስ አለና በመግቢያው ሹልክ ብሎ ገባ። እልል ብዬ ነበር!

አየሩን በከሰል አጣርተው መልሰው ቤት ውስጥ የሚለቁት አሉ። እኔ አልመክርም። ተራው የማጣሪያ ከሰል አሞኒያን በደንብ አይዝም። ከሕንፃው የጋራ አየር ማውጫ ጋርም አታገናኙት፤ ጎረቤት ቤት ሊገባ ይችላል።

ፋን አለ ብላችሁ ደግሞ መዛቅ እንዳትተዉ። በድመት ዓይነ ምድር ሊተላለፍ የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ የሚዝቅ ሰው ይቀድመዋል። ነፍሰ ጡር ካለች ሥራውን ሌላ ሰው ይሥራላት።

የሳጥናችሁንና የመስኮታችሁን ልክ ጻፉልኝ፤ ቱቦው በየት ቢያልፍ እንደሚሻል አብረን እናያለን።