ፋይንድ ለምን ሁለት ነገር ይመልሳል?

ሰላም። ያ የዩኒየን-ፋይንድ ነገር ዛሬም አልተወኝም። አባላትን በስብስብ የሚይዝ የዳታ አደረጃጀት ነው፤ ዩኒየን ሁለት ስብስቦችን ያዋህዳል፣ ፋይንድ አንድ አባል የየትኛው ስብስብ እንደሆነ ይፈልጋል።

ያቺን ቅጽበት ደጋግሜ እያየኋት ነው። ጓደኛዬ፣ ያው ሁልጊዜ «መጀመሪያ ታይፑን (ፈንክሽኑ ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ) አሳየኝ» ባዩ፣ በሃስኬል፣ ዳታ አንዴ ከተሠራ በማይለወጥበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ የጻፍኩትን ኮድ ያያል። ፋይንድ ላይ ቆመ። አንድ ሩት (ስብስቡን የሚወክለውን የዛፉን ሥር) መመለስ ሲገባው ሁለት ነገር ይመልሳል፤ ሩቱን እና አዲስ ስትራክቸር። «እኔ የጠየቅኩት ሁለቱ አንድ ስብስብ ውስጥ ናቸው ወይ ብቻ ነው። ሌላው ከየት መጣ?» አለኝ።

ዝም አልኩ። መልሱማ ይታወቃል፤ ፓዝ ኮምፕሬሽን ነው። ሩቱን ፍለጋ ስንወጣ ያለፍንባቸውን ኖዶች (የዛፉን አባላት) ሁሉ በቀጥታ ከሩቱ ጋር እናያይዛቸዋለን። ቀጥሎ የሚጠይቅ ያን ሁሉ መንገድ አይሄድም። ግን እሱ የጠየቀኝ ይህን አልነበረም። መጠየቅ ብቻውን ለምን ነገሩን ይለውጣል ነው ያለኝ።

ጃቫ ላይ ይህ አይነሳም። ፋይንድ አሬዩን (አባላቱ የተዘረዘሩበትን ሰንጠረዥ) ጓዳ ገብቶ ያስተካክላል፤ ማንም አያየውም። ሃስኬል ላይ ግን ለውጡ ታይፑ ላይ ይወጣል።

መውጫ አለ እኮ። ኤስቲ ሞናድ (ሃስኬል ለውጥን ከውስጥ ብቻ የሚፈቅድበት ክልል) ውስጥ በሚለወጥ አሬይ መሥራት ይቻላል፤ ከውጭ ለሚያየው ፑር፣ ማለትም ምንም የማይለውጥ፣ ፈንክሽን ነው። ለክሩስካል አልጎሪዝም (ነጥቦችን በትንሹ ወጪ ለሚያገናኘው) እኔ ይህን ነው የምመርጠው። ወይ ደግሞ ኮምፕሬሽኑን ትቶ ኢንትማፕ (በቁጥር የሚፈለግ የማይለወጥ መዝገብ) ይዞ፣ ትንሹን ዛፍ ሁልጊዜ ከትልቁ ሥር ማስገባት። ሚሊዮን አባላት ቢኖሩ እንኳ ሩቱ ጋ ለመድረስ ከ20 እርምጃ አያልፍም። ፋይንድም መጠየቅ ብቻ ይሆናል።

ታዲያ ለምን ቅር አለኝ? የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ታርጃን በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳየው ውጤት ስለሚያምር ነው። ኮምፕሬሽኑና ትንሹን ዛፍ ከትልቁ ሥር ማስገባቱ አብረው ሲሠሩ የእያንዳንዱ ጥያቄ አማካይ ወጪ በኢንቨርስ አከርማን (እጅግ በዝግታ በሚያድግ ፈንክሽን) ይገደባል፤ በተግባር ከ4 የማያልፍ ነገር። ያ ውበት የሚገኘው ግን ፋይንድ ሲለውጥ ነው።

እና ደግሞ የኦካምል፣ የሌላ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ታይፕ ቼከር! ታይፕ ቫሪያብሎችን (ገና ያልታወቁ ታይፖችን) አንድ የሚያደርገው በሚለወጡ ማያያዣዎች ነው። ታይፕ የሚፈትሽልን ራሱ ከውስጥ እየለወጠ ነው የሚሠራው። ይሄ በጣም ይገርመኛል።

ተመራማሪዎቹ ኮንሾን እና ፊልያትር በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳዩት መፍትሔ አለ፤ ኦካምል ላይ። ዋናውን አሬይ አሁን የምንሠራበት ቅጂ ይይዛል፤ ሌሎቹ ልዩነቱን ብቻ። አሮጌውን ስንነካ አሬዩ ወደ እሱ ይዞራል። ውስጡ ይለወጣል፣ መልሱ ግን አይለወጥም። በኮክም (ሒሳባዊ ማረጋገጫን በሚፈትሽ ሶፍትዌር) አረጋግጠውታል። ሳነበው ደስ አለኝ፤ «በቃ፣ መልሱ ካልተለወጠ ለውጥ አይባልም» ብዬ ለጓደኛዬ ልነግረው ነበር።

ግን… ሁለት ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች) የተለያዩ ቅጂዎችን በአንድ ጊዜ ቢጠይቁስ? ሁለቱም ያነባሉ እንጂ አይጽፉም፤ ቢያንስ እነሱ እንደዚያ ነው የሚያስቡት። አሬዩ ደግሞ አንድ ነው። መቆለፊያ ይግባ? ለማንበብ? እንጃ… ምናልባት ጓደኛዬ ያለው…