የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ በያጁና የአውስትራሊያ የሙያ ምዘና፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከፉትስክሬይ የደወለች እህት፦ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቴክኒክና ሙያ ጨርሶ ሲኦሲ አልፏል። እዚህ ሜልበርን ያለ ድርጅት ስፖንሰር ሊያደርገው ፈቃደኛ ነው። የሙያ ምዘና ግዴታ ነው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቪዛውና የሙያ ፈቃዱ የተለያዩ መሆናቸውን መጀመሪያ ያዢልኝ። ብዙ ሰው የሚጎዳው ሁለቱን አንድ አድርጎ በማየት ነው። ቀጣሪ ስፖንሰር ሆኖ ሠራተኛ የሚያስመጣበት ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ፣ የ482 ቪዛ፣ ከዲሴምበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ «ስኪልስ ኢን ዲማንድ» ተብሏል። ለዚህ ቪዛ ምዘና የሚጠየቀው ሁሉም አመልካች አይደለም፤ ሙያውና የፓስፖርቱ አገር አንድ ላይ ታይተው ነው የሚወሰነው። ዝርዝሩ የእጅ ሙያዎችን ምዘና የሚመራው የመንግሥት አካል፣ ትሬድስ ሪኮግኒሽን አውስትራሊያ፣ ዘንድ አለ። ስለሚለዋወጥ ማመልከቻው ሊገባ ሲል እንደገና እዩት።

የወንድምሽ ሙያ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ቪዛው ቢሰጠውም ያለ ፈቃድ አንዲት ሶኬት እንኳ መቀየር አይችልም። ቪክቶሪያ ውስጥ ፈቃዱን የሚሰጠው ኢነርጂ ሴፍ ቪክቶሪያ ነው። ውጭ አገር ሆኖ ምዘናውን ያለፈ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ኦፍሾር ቴክኒካል ስኪልስ ሪኮርድ» የሚባል ማስረጃ ይሰጠዋል። በዚያ ማስረጃ ጊዜያዊ ፈቃድ ያወጣል፤ ከዚያ ባለ ፈቃድ ባለሙያ እየተቆጣጠረው እየሠራ የአውስትራሊያን ደንብ የሚያስተምረውን ተጨማሪ ሥልጠና ይጨርሳል። ስለዚህ ድርጅቱን ዛሬውኑ ጠይቂ፦ እስኪጨርስ ድረስ በቁጥጥር ሊያሠሩት ተዘጋጅተዋል? ካልተዘጋጁ መጥቶ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሲኦሲው ጥሩ ማስረጃ ነው፣ አስገቡት፤ ምዘናውን ግን አይተካም።

ከዱባይ የደወለ አድማጭ፦ በያጅ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ኢትዮጵያ እያለሁ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ከትምህርት ቤት የወጣ ወረቀት የለኝም። ዱባይ መኖሬ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሚታየው የያዝከው ፓስፖርት ነው እንጂ የምትኖርበት አገር አይደለም። የዱባዩ ሥራህ ግን እንደ ልምድ ይቆጠርልሃል። ቪዛው ራሱ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የ1 ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድ ይጠይቃል። ወረቀት የሌለው ሰው ምዘና ውስጥ ከገባ ደግሞ ከዚያ በጣም የበለጠ ልምድ ማሳየት አለበት። በር አልተዘጋብህም፤ ሸክሙ ግን ማስረጃው ላይ ነው።

አገራችን የሚጻፈው የሥራ ልምድ ደብዳቤ «በታማኝነትና በትጋት አገልግለዋል» ብሎ ያበቃል። መዛኙ ከዚህ ምንም አያገኝም። ደብዳቤው ምን እንደበየድክ ይናገር፦ በር ነው፣ የውሃ ታንከር ነው፣ የሕንፃ ብረት ነው? የብየዳው ዓይነት ስቲክ ነው፣ ሚግ ነው ወይስ ቲግ? ብረቱ ስንት ሚሊ ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት ሠራህ? የአለቃህ ስምና ስልክም ይኑርበት። ደመወዝህ በእጅ የተከፈለ ከሆነ ፊትህና ሥራህ አብረው የሚታዩበትን ቪዲዮ ከአሁኑ ቅረጽ፤ ሥራ ከለቀቅክ በኋላ አይገኝም።

ደግሞ ቀኑን አደራ። ደብዳቤው «ከመስከረም 2009 እስከ ሰኔ 2013» ካለና አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ካሰፈረው፣ በ1998 ተወለደ የሚል ፓስፖርት የያዘ ሰው በ11 ዓመቱ ብየዳ ጀመረ ሊባል ነው። ትክክለኛው ከሴፕቴምበር 2016 እስከ ጁን 2021 ነው። ስምም እንዲሁ፤ ደብዳቤው የአባት ስም ላይ ቆሞ ፓስፖርቱ አያት ከጨመረ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት አያይዝ።

በጽሑፍ የደረሰን፦ ቃለ መጠይቁ ላይ ምን ይጠይቃሉ?

መልስ፦ በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለ ሥራው ነው። ትልልቅ ቃላት አይፈልጉም፤ የሥራውን ቅደም ተከተል ይፈልጋሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛን «ብሬከሩን ካጠፋህ በኋላ መስመሩ መሞቱን በምን ታውቃለህ?» ሊሉት ይችላሉ። «ቴስተር አስነካለሁ» ብቻ አይበቃም። ብሬከሩን ቆልፌ ምልክት አንጠለጥላለሁ፤ ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በማውቀው መስመር እሞክራለሁ፤ ከዚያ የጠፋውን እለካለሁ፤ በመጨረሻ ቴስተሩን መልሼ እሞክራለሁ። ይህን በቀላል እንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። ፈቃድ በሚጠይቁ ሙያዎች በእጅ የሚሠራ ፈተናም አለ።

ከፐርዝ የደወሉ አባት፦ የልጄን ጉዳይ የያዘው ደላላ «ለስፖንሰሩ የሚሰጥ» ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ጠየቀኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይከፍሉ። ስፖንሰርነትን በገንዘብ መሸጥም መግዛትም በአውስትራሊያ ሕግ የተከለከለ ነው። የኖሚኔሽን ክፍያው፣ ማለትም ቀጣሪው ሠራተኛውን ለቪዛው ሲያጭ የሚከፍለው፣ እንዲሁም የሥልጠና ፈንድ መዋጮው፣ ማለትም በዓመት 1,200 ወይም 1,800 ዶላር እንደ ድርጅቱ ገቢ መጠን፣ የቀጣሪው ዕዳ ነው፤ ከልጅዎ ደመወዝ ሊቆረጥም አይችልም። ልጅዎ የራሱን ቪዛና ምዘና ሊከፍል ይችላል፣ እሱ ሌላ ነው። እዚህ አገር ሆኖ የኢሚግሬሽን ምክር የሚሸጥ ሰው ወይ ጠበቃ ነው ወይ የተመዘገበ ወኪል፤ የምዝገባ ቁጥሩን ይጠይቁት። ደመወዙንም አይርሱ፤ «ኮር ስኪልስ» በሚባለው የዚህ ቪዛ ዘርፍ ዝቅተኛው ደመወዝ በጁላይ 1 ቀን 2025 በዓመት 76,515 ዶላር ሆኖ ነበር፤ በየዓመቱ ስለሚታይ የአሁኑን ያጣሩ። ከዚያ በታች የሚል ውል እንዳይፈርም። ከመጣ በኋላ በደል ቢደርስበት ወደ አስተርጓሚ አገልግሎቱ በ13 14 50 ደውሎ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅና የሠራተኛ መብት ከሚከታተለው የመንግሥት አካል፣ ከፌር ወርክ፣ ጋር ያገናኙታል። ከዚያ ቀጣሪ ጋር ቢለያይም በአንድ ጊዜ እስከ 180 ቀን፣ በቪዛው ዘመን በጠቅላላው እስከ 365 ቀን ሌላ ስፖንሰር የሚፈልግበት ጊዜ አለው።