ከእብድ ውሻ ንክሻ በኋላ ለምን ሁለት ዓይነት መርፌ? አንቲቦዲና ክትባት

[ምስል፦ የኢራን ካርታ። ቀስ እያለ ይቀርባል።]

እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ ያበደ ተኩላ ኢራን ውስጥ ወደሚገኝ አንድ መንደር ገብቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ 29 ሰዎችን ነከሰ። ብዙዎቹ የቆሰሉት ጭንቅላታቸውና ፊታቸው ላይ ነበር። ይህ ከንክሻ ሁሉ የከፋው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚጓዘው በነርቭ ውስጥ ሲሆን፣ ከፊት እስከ አንጎል ያለው መንገድ አጭር ነው።

የኢራን ፓስተር ኢንስቲትዩት ሐኪሞች በዚያን ጊዜ ሁለት ነገሮች በእጃቸው ነበሩ። አንዱ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ክትባት ነው። ሌላው ገና በሙከራ ላይ የነበረ ሴረም፣ ማለትም ቀድሞ ከተከተበ እንስሳ ደም የተወሰደ አንቲቦዲ ነው። ጭንቅላታቸውን ከተነከሱት መካከል 5ቱ ክትባት ብቻ አገኙ፤ 3ቱ ሞቱ። 13ቱ ደግሞ ክትባቱንም ሴረሙንም አገኙ፤ ከእነሱ የሞተው 1 ሰው ብቻ ነው።

የሰዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው። ነገር ግን ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ዓለምን አሳመነ። ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ከባድ ንክሻ የደረሰበት፣ ከዚያ በፊት ያልተከተበ ሰው ሁለቱንም ማግኘት አለበት።

ታዲያ አንዱ ለምን ሌላውን አይተካም?

[ምስል፦ በአኒሜሽን አንቲቦዲዎች ቫይረስ ላይ ሲጣበቁ።]

አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ ላይ ተጣብቆ ወደ ሴል እንዳይገባ ያግደዋል። በመርፌ የሚሰጠው አንቲቦዲ ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ከተከተቡ ሰዎች ወይም ፈረሶች ደም ይወሰዳል፣ አሁን አሁን ደግሞ በላቦራቶሪ ይመረታል። ሥራውን የሚጀምረው ወዲያው ነው። ችግሩ ሰውነታችን የራሱን መሥራት ከእሱ አይማርም። ከሰው ደም የተገኘ አንቲቦዲ በ3 ሳምንት ገደማ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ እንደገና በግማሽ እያለ ከወራት በኋላ ያልቃል።

ክትባት ግን ራሱ ቫይረሱን አይነካውም። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ውስጥ ያለው የተገደለ ቫይረስ ነው፤ ቫይረስን የሚያጠፋ ምንም ነገር የለበትም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ነጭ የደም ሴሎቻችን ያንን የሞተ ቫይረስ እንዲያውቁትና የራሳቸውን አንቲቦዲ እንዲሠሩ መቀስቀስ ነው። አንቲቦዲው በበቂ መጠን እስኪገኝ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ቫይረሱን የሚያስታውሱ ሴሎች ለዓመታት በሰውነታችን ይቆያሉ።

እንጀራ ያለቀበት ቤት ጎረቤት ከሌማቷ ብታካፍለው ለዛሬ ይበላል። የራሱን ለመጋገር ግን ሊጡ እስኪቦካ ቀናት መጠበቅ አለበት፤ አንዴ ከቦካ ደግሞ እርሾው ለሚቀጥለው ይተርፋል። አንቲቦዲው ጎረቤት የላከችው ነው፤ ክትባቱ ቡኮው።

[ምስል፦ በውሻ የተነከሰ እግር ሥዕል። ከቁስሉ ወደ አከርካሪ የሚሄድ ነርቭ በቀይ ይደምቃል።]

አሁን ወደ ንክሻው እንመለስ። አብዛኛውን ጊዜ ክትባት የሚጠቅመው በሽታው ሳይመጣ በፊት ነው፤ ጀርሙ ከገባ በኋላ ክትባቱ አይደርስበትም። የእብድ ውሻ በሽታ ግን የተለየ ነው፤ ቫይረሱ ዝግ ብሎ ነው የሚጓዘው። ከንክሻ እስከ ምልክት ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ያልፋል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን አንቲቦዲ የሚባል ነገር ሳይኖረው በክትባት ብቻ ያከመው ይህ ፋታ ስላለ ነው።

ፋታው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። በአንዳንዱ ሰው ምልክቱ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ በተለይ ፊትና አንገት ላይ ከተነከሰ። ክትባቱ አንቲቦዲ እስኪያሠራ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ባዶ ናቸው። ከውጭ የሚሰጠው አንቲቦዲ የሚያስፈልገው ለእነዚያ ቀናት ነው።

የአሰጣጡ ሥርዓትም ከዚህ ይመነጫል። አንቲቦዲው የሚወጋው ቫይረሱ ካለበት ከቁስሉ ውስጥና ከዙሪያው ነው፤ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ እዚያው እንዲያዝ። ክትባቱ ክንድ ላይ ነው፣ ለሕፃናት ደግሞ ጭን ላይ። ሁለቱ በአንድ መርፌ አይቀላቀሉም፣ አንድ ቦታም አይወጉም፤ አንቲቦዲው በክትባቱ ውስጥ ያለውን ቫይረስ ይይዝና ሰውነት ሳይማርበት ያስቀረዋል። ለዚሁ ሲባል የአንቲቦዲው መጠን በክብደት ተለክቶ ይሰጣል እንጂ «ለጥንቃቄ» ተብሎ አይጨመርም። የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጠ 7 ቀን ካለፈ ደግሞ አንቲቦዲው አይሰጥም፤ ሰውነት በራሱ መሥራት ጀምሯል።

እናቶቻችንና አባቶቻችን «ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋው» ብለው የሚያስታውሱት ከእንስሳት አንጎል ይሠራ የነበረውን የድሮ ክትባት ነው። የአሁኑ እንደዚያ አይደለም። ያንን ፈርታችሁ ከሕክምና የቀራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አትቅሩ።

ሌላም ከልቤ የምለው አለ። አገራችን ውስጥ ከተነከሰ በኋላ መጀመሪያ ባህላዊ መድኃኒት ፍለጋ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። «እገሌ ጠጥቶ ዳነ» ሲባል እውነት ይመስላል፤ የነከሰ ውሻ ሁሉ ግን አላበደም፣ ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ሁሉም በሽታው አይዘውም። ስለዚህ ምንም ሳይጠጣም ሊድን የነበረ ሰው ምስክር ይሆናል። የሞተው አይመሰክርም። በዚህ መሃል የሚያልፈው ጊዜ ቀደም ብለን ያልነው ፋታ ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

[ምስል፦ ነፍሰ ጡር እናት፤ ከእሷ ወደ ፅንሱ የሚሻገሩ አንቲቦዲዎች።]

አንቲቦዲና ክትባት በአንድ ሌላ ቦታም ይገናኛሉ፤ በእናትና በልጅ መካከል። ነፍሰ ጡር እናት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስትከተብ የእሷ ሰውነት አንቲቦዲ ይሠራል፤ አንቲቦዲው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ለእናቲቱ ክትባት የሆነው ነገር ለልጇ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ሆነ ማለት ነው። ሕፃኑ እትብቱ በሚቆረጥበት ጊዜ ቢበከል እንኳ ጥበቃውን ይዞ ተወልዷል። እንገርም በአንቲቦዲ የበለጸገ ነው፤ ቆሽሿል ተብሎ መደፋት የለበትም።

ይህ ስጦታ ግን ለኩፍኝ ክትባት እንቅፋት ይሆናል። የኩፍኝ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። ሕፃኑ ገና በተወለደ ሰሞን ቢሰጠው፣ የእናቱ አንቲቦዲ የክትባቱን ቫይረስ ያጠፋዋል፣ ልጁም ምንም ሳይማር ይቀራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት 9 ወር ሲሞላ፣ ሁለተኛው በ15 ወር የሚሰጠው ለዚህ ነው። ከእናት የመጣው እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በጣም ከተጠበቀ ደግሞ ልጁ ያለ ጥበቃ ይቆያል።

[ምስል፦ የኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ካርታ።]

በኢቦላም ሁለቱ ጎን ለጎን ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በምሥራቅ ኮንጎ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ክትባቱ ከታማሚዎች ጋር ንክኪ ለነበራቸው ሰዎች ተሰጠ፤ የታመሙት ደግሞ በአንቲቦዲ ታከሙ። ከአንቲቦዲዎቹ አንዱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 በኪክዊት ከተማ ከኢቦላ ከተረፈ ሰው ደም ነው። እዚህ ላይ አንቲቦዲው ከታመሙ በኋላም ሕይወት አትርፏል። በእብድ ውሻ በሽታ ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ አይጠቅምም፤ ቫይረሱ አንጎል ገብቷል።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ ቀድሞ የተከተበ ሰው ቢነከስስ? የእንስሳት ሐኪሞችና ውሻ የሚይዙ ሠራተኞች ሳይነከሱ አስቀድመው እንዲከተቡ ይመከራል። ከመካከላቸው አንዱ ቢነከስ ከውጭ አንቲቦዲ አያስፈልገውም፤ አስታዋሽ ሴሎቹ ስላሉ በዕለቱና በ3ኛው ቀን ክትባት ብቻ ይወስዳል። ቁስሉን ማጠቡ ግን ለእሱም አይቀርም።