«ወራጅ አለ» ሲባል ስሙ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደራችሁ!

በዚህ ብርድ ከአልጋ ወርዳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ሳይክል መንዳት ትችላላችሁ፤ መኪና መሃል መግባት ነው የሚያስፈራችሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። መሬቱ ሜዳ፣ ሳይክሉ ብዙ፤ ባለ ባጃጁም ለምዶናል። አዲስ አበባ ስመጣ ዳገቱ ያስቸግረኛል ብዬ ነበር። ያስተማረኝ ግን ሚኒባስ ነው።

ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ፈርቼ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዣለሁ። አንድ ታክሲ ወደ ዳር ሲጠጋ በእሱና በእግረኛ መንገዱ መሃል ሾለክ ልል አልኩ። ከውስጥ «ወራጅ አለ!» ሲባል ሰምቻለሁ። በሩ ተከፈተ፣ ረዳቱ ዘለለ፣ አብረን ወደቅን። ክርኔ ተላጠ። ልጁ ሱሪውን እያራገፈ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። ተናደድኩ። ማታ ሳስበው ግን ጥያቄው ልክ ነበር።

ስለዚህ በሚቆም ታክሲ ቀኝ በኩል አትለፉ። ቆም በሉ። ካልሆነም ወደ ኋላ አይታችሁ፣ በእጃችሁ ምልክት ሰጥታችሁ በግራ እለፉ። እኛ ፍሬቻ የለንም፤ ያለን እጅ ነው።

ጠርዙንም አትውደዱት። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ያለው እዚያ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ውሃው ይሸፍነዋል። አንድ ሜትር ያህል ገባ በሉ። ሹፌሩ ያያችኋል፣ መሸሻም ይኖራችኋል። ክላክስ ይነፋባችኋል፤ ይንፋ! የነፋው አይቷችኋል። እኔ የምፈራው ዝም ብሎ የሚመጣውን ነው።

ሲኖትራክ ላይ ግን ጀግንነት የለም። ስፖኪዮው ውስጥ የሹፌሩ ፊት ካልታያችሁ እናንተም አትታዩትም። በተለይ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል ከኋላው ቅሩ።

ከእንጦጦ ስትወርዱ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፊያው በፊት ነው። የፊቱን ብቻ ጨምድዶ በመሪው ላይ የተገለበጠ ጓደኛ አለኝ። ዛሬም መጥቷል፤ ስሙን አልጠራም።

አሁን በቦሌ መንገድ እንሄዳለን። የሳይክል መስመሩ ላይ እግረኛ ካለ ደወል ይበቃል፤ ስድብ የለም። መስመሩ ሲያልቅ እጄን አነሳለሁ፤ ሁላችሁም ወደ ኋላ እዩ። እስቲ ጎማችሁን ጫን ጫን አድርጉት። ፍሬኑ የላላበት ካለ አሁኑኑ ይምጣ፤ ቁልፍ ይዣለሁ።