እግር የሌላት ላም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ርዕሰ መምህርታችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የዓመቱን የእጅ ሥራ ሪፖርት እንዳቀርብ ነው የተነገረኝ፤ አቀርባለሁ። በፊት ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ አንድ ነገር ልናገር።

አምና በዚሁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ፔንግዊኖች ታስታውሳላችሁ። 34 ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። ፎቶ አነሳችሁ፣ አጨበጨባችሁ። እነዚያን ፔንግዊኖች የሠራነው እኔና ረዳቴ ነን። ሁለት ሌሊት አምሽተን ቆርጠን ለጠፍን፤ የልጆቻችሁ ድርሻ ዓይናቸውን በማርከር ነካ ማድረግ ብቻ ነበር። ሥራው ካላማረ ቅሬታ ስለሚመጣብን ነው እንዲህ ያደረግነው።

ዘንድሮ ጭቃ አመጣን። የበራችን ጠባቂ ጋሼ ጠጠሩን ለቅመው፣ አቡክተው ሰጡን፤ እግዜር ይስጥልን። "የምትወዱትን እንስሳ ሥሩ" አልኳቸው። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ጭቃዋን በመዳፏ ድቡልቡል አደረገች፤ ጫፉን ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጋ ሁለት ቀንድ አወጣች፤ በክብሪት እንጨት ሁለት ቦታ ወጋች፣ አፍንጫ መሆኑ ነው። እግር ግን የለም።

"እግሯስ?" አልኳት።

"ቲቸር፣ ተኝታ እያኘከች ነው እኮ። እግሯ ከሥሯ ነው" አለችኝ።

ለገና አያቷ ዘንድ ገጠር ሄዳ ነበር። ላም ስታመሰኳ እግሯን ከሆዷ ሥር አጥፋ እንደምትተኛ አይታለች፤ ያየችውን ሠራች።

በማግሥቱ ላሟ በወላጅ እጅ ተመለሰች። "የምንከፍለው ለዚህ ጭቃ ነው? ፊደሉንስ መቼ ልታስጨርሱ ነው?" ተባልኩ። ያን ዕለት ዝም አልኩ፤ ዛሬ ልመልስ።

ያ መቆንጠጥ እኮ ነው ፊደሉ! እርሳስ የሚይዙት እነዚያው ጣቶች ናቸው። ጣቱ ያልጠነከረ ልጅ "ሀ" ጻፍ ሲባል እርሳሱን እንደ ዱላ ይጨብጠዋል፤ ሁለት መስመር ሳይጽፍ እጁ ይዝላል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ አፀደ ሕፃናት በልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ ያተኩር ነው ያለው። የአራት ዓመት ልጅ ደብተር ይሙላ አላለም!

ደግሞስ ለምን ፔንግዊን? ልጆቻችን ፔንግዊንን አውቀው ጭላዳን አያውቁም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቁጭ ብሎ ሣር በጣቱ እየነጨ የሚበላ የራሳችን እንስሳ! ዋልያና ቀይ ቀበሮም በዱር የሚኖሩት እዚሁ አገራችን ነው። የእኛ ልጆች ካልሠሯቸው ማን ይሥራቸው? ዘንድሮ የጭላዳውን ጎፈር ከቃጫ ሠርተናል፤ ቃጫውን የፈተሉት ልጆቹ ናቸው፤ የተንጨባረረውም ለዚህ ነው፤ እንደዚያው ይቆይ።

ወደ ሪፖርቱ ልመለስ። ሙጫውን ከዱቄት አፍልተን ሠራን። ባመጣችሁት የእንቁላል ካርቶን ኤሊዎች፣ በበቆሎ አገዳ ፈረሶች ተሠርተዋል። ጫፉ የማይወጋ የልጆች መቀስ ያንሰናል። ዶቃና አዝራር ታናናሾች ባሉበት ቤት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሊውጡት ይችላሉ።

ሥራዎቹ በስተግራ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ያቺ ላምም አለች። ደርቃለችና ቀንዷን አትያዙ፤ ከሆዷ ደግፋችሁ አንሷትና ገልብጣችሁ እዩ። እኔም ያየሁት ከተመለሰች በኋላ ነው፤ ከሥሯ በጥፍር የተጫሩ አራት እግሮች አሉ።

አመሰግናለሁ።